ቃል ቁጥር አሥራ አራት

እሁድ ማታ፣ ጭጋግ የሜይንን ዳርቻ ሲሸፍን፣
የዘጠነኛ ክፍል ወረቀት አንድ በአንድ ስመዝን፣
ድመቴ ከማሞቂያው ሥር ጥቅልል ብላ ተኝታ፣
ቀዩ እስክሪብቶዬ ብቻ ለአደን ወጥቷል በዝግታ።

በየሳምንቱ ሃያ ቃል፤ ሰኞ እሰጣቸዋለሁ፣
ዓርብ ፈተና ነው፤ ሕጌን ነግሬያቸዋለሁ፦
"ቃሉን ሸፍኜ ሳነበው፣ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ
ክፍተቱን ያሳየኝ፣ የወለቀ ጥርስ እንደሚዳስስ ምላሱ።"

ልጆቹ ተንኮል ያውቃሉ። ኮሌት ቴሪዮ፣ ገና ክፍል ሳትገባ፣
ሃያውን ቃል ጭናዋለች በአንዲት ውሻዋ ጀርባ፤
ውሻዋ ግትር ናት፣ ውሻዋ ጨዋ፣ ውሻዋ ብርቱ ሐዘንተኛ፣
ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሞታ፣ ቁጥር አሥር ላይ ትነሣለች ዳግመኛ።

ዱዌይን ከኋላ ወንበር አንዱን ቀመር ይዞ ቀርቷል፦
"ሰውዬው በጣም እንዲህ ነበር" — ሃያ ጊዜ ተገልብጧል።
"በጣም ምን?" ብዬ እጽፋለሁ፤ "ማን? የት? መቼ? አስረዳ።"
ቀለም የማወጣው እኔ፣ እሱ ምን አለበት ዕዳ?

የኦሪን ፔልኪ ወረቀት ከሥር ነበር፤ ጨው ጨው ይላል፣
ጥጉ ላይ ናፍጣ የነካ ጣት እንደ ማኅተም ታትሟል።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአባቱ ጋር የሎብስተር ወጥመድ ስቦ፣
መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርሳል፣ እንቅልፉን ተርቦ።

ባሕር የወለደቻቸውን ቃላት ከእኔ በፊት ያውቃል፦
"ኤብ" ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ "ውሃው ሲሸሽ ነው" ብሏል፤
"ሙሪንግ" ስል እጁን አንሥቶ፣ የጀልባ ገመድ ቋጠሮ
አሳየን በጫማው ማሰሪያ፣ ክፍሉ ሁሉ አየው ዞሮ።
እኔ ግን አላርፍ አልኩ፦ "ኤብ ሁለተኛ ፍቺ አለው፤
ኃይልም ይሸሻል፣ ተስፋም።" ዝም ብሎ ጻፈው።

የዚህ ሳምንት አሥራ አራተኛ ቃል "ሪሊንኩዊሽ" ነበረ፤
ፍቺው፦ የያዙትን መልቀቅ፣ እጅን እየመረረ።
"ከሳንድዊች ወገን ነው?" ብሎ ዱዌይን ክፍሉን አሳቀ፤
ኦሪን ግን፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ የእርሳሱን ጫፍ አደቀቀ።

የጻፈው ይኸው፦

"አባቴ ማክሰኞ ዕለት ዶሪንን ሪሊንኩዊሽ አደረገ
ከፖርትላንድ ለመጣ ሰው
በቼክ ከፈለው
የሰውየው ጫማ ንጹሕ ነበር
ስሟን ፍቆ ሌላ ስም ይጽፍባታል
አባቴ የሞተሩን ቁልፍ ሰጠው
የካቢናውን ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ረሳው
ወይም አልረሳውም"

ዶሪን ጀልባዋ ናት። ዶሪን እናቱም ነበረች፤
እዚሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር ተቀምጣ የተማረች፤
"አይላንድ" የሚለውን ቃል ያለዚያች ድምፅ አልባ ፊደል
ዓመት ሙሉ ስትጽፍ፣ እኔ ሳርም፣ ሁለታችንም ያለ ድል።

ቃሉን በጣቴ ሸፈንኩት። ሕጌ ለእኔም ሕግ ነውና አይቀርም።
ክፍተቱ ራሱ ተናገረ፤ ሌላ ቃል አይገባበትም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዝርዝሬ ይህን ቃል ሳመላልስ፣
አንድም ቀን አላየሁትም፣ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ሲዳብስ።

ታዲያ ምን ይጻፋል? "ጎበዝ"? ወረቀቱ ላይ ቀለለ።
"አዝናለሁ"? እሱማ ዓምና በቀብሯ ደጃፍ ተባለ።
"ተጨማሪ ዝርዝር" — ዘወትር እጄ የለመደው —
ሊወርድ ሲል ከቀለሙ ጋር፣ አውራ ጣቴ አገደው።

መጨረሻ፣ "ሰው" ካለው ኋላ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አኖርኩ፤
ትንሽ፣ ቀይ፣ እንደ መንጠቆ። ሌላውን እንዳለ ተውኩ።

ሰኞ ተቀበለኝና ገለበጠው፤ ጀርባውንም አየ።
"ነጠላ ሰረዝ ብቻ?" አለ።
"እሷ ብቻ" አልኩት። ዝም።
ከዚያ፣ "እዚያ ጋ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ደወሉ ጮኸ። ሰሌዳው ላይ አዲስ ሃያ ቃል ነበረ፤
የዱዌይን ምላስ፣ ገና አንደኛው ላይ፣ ተሰበረ።