ለድመት ነው

«ለድመት ነው» ስለው መርጊያ ፈገግ አለ፣
ከእኔ በፊት ስንቱ እንደዚሁ ስላለ፤
ኮት የደረበ፣ ክራቫት ያሰረ፣
ሳንባ እያሳየ በአገጩ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ።
በመርጊያ ሚዛን ቢቆጠር የሠራተኛ ሠፈር ድመት
ከሠፈሩ ሕዝብ ይበልጣል፣ በሁለት እጥፍ፣ በሦስት።

የእኔ ግን እውነት ነው። ስሙም ባሻ ይባላል።
አንድ ጆሮው የተተለተለ፣ በአንድ ዓይኑ የሚተኛ፣
በሌላው ድስት የሚጠብቅ፤
ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቶቹ ሲሄዱ፣ አልሄድም ያለ፣
ከቆርቆሮው ክምር ወጥቶ ደረጃዬ ላይ የዋለ።

ሶልያና፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ የእንስሳት ሕክምና የምትማር፣
ለእረፍት መጥታ አየችውና «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ይቅር!
በወጥ የራሰ ፍርፋሪ ኩላሊቱን ነው የሚፈጀው፣
ሽንኩርት መርዙ ነው፤ ነጩም ቀዩም። ጨውም አይበጀው።»
በካርቶን ቁራጭ ጻፈችልኝ፣ ከቡታጋዙ በላይ ሰቀልሁት፦
ሳንባ፣ ጉበት በልኩ፣ ካሮት የተፈቀፈቀ፣
አንድ ጭብጥ ሩዝ፤ ሁሉም የበሰለ፣ ሁሉም የደቀቀ።

ሽንኩርት የሌለው ድስት!
በለጥሻቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትሰማኝ ጉድ ባለች፤
«ሽንኩርት ያልተቁላላበት ወጥ
ስም ያልወጣለት ልጅ ነው» ትል ነበረች።

ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ የለየሁበት እጅ
ጅማት ከሥጋ ይለያል፤ ይኼ ለባሻ፣
ይኼ በር ላይ ለሚተኛው ውሻ።
ሳንባ አይሰምጥም። በማንኪያ ስትደፍቀው ይመለሳል፣
ያፏጫል፣ ክዳኑን ከሥር ያነሳል።
ሲበርድለት በእጄ አንጓ እለካዋለሁ፣
እንደ ጡጦ፤
ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ?

ረቡዕና ዓርብ መርጊያ ይዘጋል። ባሻ ግን ጾም አያውቅም፤
ማክሰኞና ሐሙስ አብዝቼ እቀቅላለሁ።
ሁለት ሆነን በአንድ ቤት፣ አንዳችን ለሌላው አንጸድቅም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ
ከወሩ ቀድማ አልቃ ጡረታ፣
የዳቦው ላስቲክ ባዶ፣ መብራቱም ሄዶ፣
ከድስቱ ግን እንፋሎት ይወጣል።
ሰዓቴን ወደ ሻማው አስጠጋሁ፦ ለስድስት ሩብ ጉዳይ፤
ዓርብ ገና አልገባም።
ጨው ፈለግሁ። የሚጥሚጣዋን ቢልቃጥ አራገፍሁ፣
የባሻን ድርሻ ለይቼ፣ ከነገው ሦስት ማንኪያ ዘገንሁ።
ሦስቱ ስድስት ሆነ።
ካሮቱ ይጣፍጣል።
ባሻ ከወንበሩ ሥር አላየኝም። ወይም አይቶ
ጀርባውን ሰጠኝ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣
ወደ ግድግዳው ተመልክቶ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመስታወቱ ፊት ቆምሁ።
መርጊያ እጁን ወደ ሳንባው ሰደደ፣
ቃሌን ሳይጠብቅ፤ ፈገግታው ቀደመ።
«ለእኛ ነው» አልሁት።

ቢላዋው በአየር ላይ ቆመ።
ገና ዛሬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግታው የለም።
«ስንት ናችሁ?» አለ።
«ሁለት።»