የማርማላታ ጠርሙስ

ቤት ብዬ ገዝቼ ግድብ ተረከብኩ፤
ከውሉ መጨረሻ፣ ከደቃቁ ፊደል፣ ሳላነብ ፈረምኩ።
ከክሬስቶቫ በላይ፣ ከጥዶቹ ሥር፣
የአፈር ጉብታ ነው፣ ሣር የለበሰ ድንበር፣
ሁለት ሰው ቁመቱ፣ ስልሳ ርምጃ ወርድ፣
በጀርባው ኩሬ ያዘለ፣ ሰማይ መሳይ በብርድ።

«ይኸም ያንተ ነው» አለች ሻጯ፣ ሉከርያ ኦዜሮፍ፣
ሣሩን ወጋ ወጋ አርጋ በምርኩዟ ጫፍ፤
«ባሌ ፓቬል ነው የሠራው፣ በሁለት ፈረስ፣ ባንድ አካፋ፣
አሥራ አንድ ቤት ይጠጣዋል፣ ሰው ሲወለድ፣ ሰው ሲጠፋ።
መንግሥት አልሠራውም፣ መንግሥት አይጠብቀው፤
ከዛሬ ጀምሮ ዘበኛው አንተ ነህ፣ እወቀው።»

ከዚያ ደብተር ሰጠችኝ፣ ገጹ ሻይ የጠጣ፣
ደግሞም ባዶ ጠርሙስ፣ የማርማላታ፣ ክዳኑ የወጣ።
«ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከግርጌው ውረድ፣
ላቡን ታገኘዋለህ ከሣሩ ሥር ሲወርድ፤
ቀድተህ ወደ ፀሐይ አንሳው፤
ከጠራ፣ ቁርስህን ብላ፤ እርሳው።
ከደፈረሰ ግን ጫማ አትፈልግ፤ ሩጥ።
አፈሩን እየበላው ነው ውሃ፣ ከውስጥ።»

ሁለት ዓመት ቀዳሁ። ከዚያ፣ ሰው ነኝና፣ ሰለቸኝ፤
ጠርሙሱ ሁልጊዜ ጥሩ፣ ኩሬው ደግ መሰለኝ።
«ግድ የለም» አልኩ ሣሩ ሳይታጨድ ሲያድር፣
«ግድ የለም» የውሃ አይጥ ጎጆዋን ስትምስ ከዳር፣
«ግድ የለም» አናቱ ላይ ፖፕላር ስትበቅል።
ግድን ከግድብ ብትነቅል ምን ይተርፋል? አንዲት ፊደል፤
እሷም ብቻዋን አንድ ኩባያ የማትችል።

ሚያዝያ፣ በረዶው ከተራራው ባንዴ ሲለቅ፣
ማስተንፈሻው በግንድ ተወትፎ፣ ኩሬው እስከ ከንፈሩ ሲዘልቅ፣
ሰኞ ነበር። ቅዳሜን ዘልዬዋለሁ። ቀዳሁ፣ እንዲያው ለወግ፤
ወተት የገባበት ሻይ ሆነ። ደርቄ ቀረሁ እንደ ዘንግ።
እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ፣
ያን ጠዋት አልሳቀም፤ ያጉረመርም ነበር እንደ አሮጌ ውሻ።

ሮጥኩ። ቫልቩን ያዝኩት። ዝጎ፣ ከቧንቧው ተጋብቶ፣
አልንቀሳቀስ አለ፣ የዓመታት ኩርፊያ ይዞ፣ ተኝቶ።
ታች፣ ከድልድዩ ጥግ፣ የተማሪ አውቶቡስ ይቆማል፤
አራት ልጆች፣ አንድ ቀይ ኮፍያ፤ ከግድቡ ላይ ይታያል።

ደወልኩ። ዊልፍ በፓምፑ መጣ፣ ኔታ በመዶሻ፣
ጓንቷን አጥልቃ ሉከርያ ደረሰች በመጨረሻ።
አልሰደበችኝም። ዘይት አፈሰሰች፤ መዶሻውን ነጠቀች፤
በሦስተኛው ምት ብረቷ አቃሰተች።
ተከፈተ። ኩሬው በጣት በጣት ወረደ፤
ፀሐይ ስትጠልቅ ላቡ እየጠራ፣ እየቀጠነ ሄደ።

በዚያ በጋ ፖሙ ጠወለገ፤ ውሃ በበርሜል ተጓዘ፤
መሐንዲሷ መጥታ ለካች፤ ደብዳቤዋ ሦስት ገጽ ያዘ፦
«ጠግነው፣ ወይም አፍርሰው።» ዋጋውን ለሰው አልናገርም።
አሥራ አንዱ ቤት ማክሰኞ ማታ ተሰበሰበ፣ ከኔታ ጋራዥ ውስጥ፤
«ውሃው የሁላችን፣ ግድቡ ያንተ» አለ ዊልፍ፣ ሳይቆጣ፣ ጥፍሩን ሲቆርጥ።
«አውቶቡሱስ የማን ነው?» አለች ኔታ። የመለሰ የለም።
ለሌላ ማክሰኞ ተቀጣጠርን። እሱም ገና አልደረሰም።

ሣሩን አጭጃለሁ። ፖፕላሯን ቆርጫለሁ፤
ሥሯ ግን ውስጥ ቀርቷል፤ በስብሶ መንገድ እንዳይሆን እሰጋለሁ።
የዚያን ሰኞ ጠርሙስ ከወጥ ቤቱ መስኮት አኑሬዋለሁ፤
ላዩ ጠርቷል፤ ታች ያለው ጭቃ እንደ ጥፍር ቀጭን፣
ለእንግዳ ንጹሕ ይመስላል። እኔ ግን
ጠዋት ጠዋት አንስቼ አንዴ እነቀንቀዋለሁ፣
ከዚያ ጫማዬን አደርጋለሁ።