ጥቁር ጠብታ

ከኦስትራቫ መውጫ፣ ከማደያው በታች፣
ዝደንካ መኪናዋን ጥግ አስይዛ ወጣች።
ባለ ቱታው ሰውዬ፣ እጁን እያወናጨፈ፣
«ፍሬንሽ እኮ ሄደ! ዘይቱ ጎረፈ!
ሁለት ሺህ ኮሩና ክፈይኝ፣ ልሥራልሽ፤
ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ግን፣ እግዜር ይሁንልሽ…»
ቀሪውን አልተናገረም።
ቀሪው የፍርሃት ድርሻ ነው።

ዝደንካ ጎንበስ አለች።
እቤቷ፣ ውጪው በረዶ፣ የመስታወቱ ሆድ ለብ ያለ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ሣር ጠብቃለች፤
ቅጠሉ ቢገረጣ፣ ብረት መጉደሉን ታውቃለች፤
ጠጠሩ ጢም ሲያበቅል፣ መብራቱን ትቀንሳለች።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለሱቁ አጣድፏት፣
ውሃውን ሳትለካ መድኃኒት አስጨምሯት፣
ሰባት ትንንሽ ዓሦች ሲነጋ ተንሳፈፉ።
ከዚያ ወዲህ የሚያጣድፋትን አታምንም።

ጣቷን ሰደደች። ጎማው ይፋጃል፤
ዘይቱ ግን የምንጭ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ።
ከሰውዬው እጅጌ ደግሞ የስሪንጅ አፍ ብቅ ብሏል፣
እሷ ማዳበሪያ የምትለካበት፣
ያው ራሱ፣ ባለ አምስት ሚሊ ሊትር።

«ጎበዝ፣ መጠኑን አብዝተኸዋል» አለችው።
ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው።
ወደ ነጭ ቫኑ ሄደ፤
ሌላ መኪና እየመጣ ነበር።

ጉልበቷ መንቀጥቀጥ የጀመረው
ድልድዩን ካለፈች በኋላ ነው።
ማታ ዓሦቹ መስታወቱ ጋ ተኮልኩለው ጠበቋት፤
እጇን ሦስቴ ታጥባ አየችው፦
ጥቁሩ ጥፍሯ ሥር አለ።
መቀሱን መልሳ ሰቀለች።
ሣሩ ዛሬ ሳይከረከም ይደር።