አሥራ ሁለት ለአንድ ሰከንድ

በታኅሣሥ፣ ታርቱ ላይ፣ ፀሐይ እንደ ባለ ዕዳ ናት፤
ረፋድ ላይ ብቅ ትልና
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሰወራለች፣ ሰው በቅጡ ሳያያት።
ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ
ትሪኑ በቀይ እርሳስ ጻፈች፣ ከዕቅዱ ሁሉ በላይ፦
«በመስኮት ብርሃን አንሠራም። መጋረጃው ይዘጋል።
ደመና በሄደ በመጣ ቁጥር ፊልሙ ዓይኑን ያርገበግባል።»

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤
እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የጠገንሁ ሰው፣
ምን አውቄ ልከራከራት።

ታሪኩ አጭር ነው፦ አንድ የሱፍ ጓንት፣ ግራው፣
የሄልቪ፣ የባለቤቴ፣ በእጇ የሠራችው፤
(ቀኙን ኤማዮጊ ድልድይ ላይ፣ የዛሬ አምስት ክረምት፣ ነፋስ ነው የወሰደው።)
ከመሳቢያ ይወጣል፣ ጠረጴዛውን ያቋርጣል፣
ከጨው ዕቃው ጀርባ ያያል፣ ከዳቦው ሥር ይፈልጋል።
ይኸው ነው። አርባ ሰከንድ።
ትሪኑ በጣቷ ቆጠረች፦ «አሥራ ሁለት ፎቶ ለአንድ።
አራት መቶ ሰማንያ!»
ሳቅሁ። ለአንድ ጓንት? ይህን ያህል ፎቶ
ለሠርጋችንም አልተነሣን፤
ሰባት ነበሩ፣ ሁለቱን አበላሸው ብርሃን ገብቶ።

«እንዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት።
እኔ የማውቀው መሄድ ሞተር አለው፣ ጭስ አለው፣
ይንቀጠቀጣል መሪው።
«አይሄድም» አለች፣ እንዳቀረቀረች።
«የሚሄድ ነገር የለም እኮ።
አራት መቶ ሰማንያ ጊዜ ይቆማል እንጂ።»
ይህን ስትል ብስኩት እያኘከች ነበር።
እኔ የያዝሁት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ከኮት መስቀያ ሽቦ ቆርጬ አምስት ጣት ሠራሁለት፤
መታጠፍ፣ መቆም፣ ደግሞም መጠራጠር አስተማርሁት።
ሄልቪ ብታይ «ትተረትረዋለህ!» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፤
አውራ ጣቱ ጋ አንዲት ክር ተበጥሳ ወጣች፣ ጠቅልዬ ደበቅኋት በሽቦው።
የካሜራውን ሦስት እግር በፕላስተር ከወለሉ ጋር አጣበቅን፤
ሁለቱን መብራት፣ ጥላ ከጥላ እንዳይጋጭ፣ እያራቅን እያቀረብን መዘንን።
ቀይ ሹራቤን አስወለቀችኝ፦ «ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤
ጥቁር ይልበሱ።» ጥቁር አለኝ፤
አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ፤ ከቁም ሣጥን ይወጣል።

ለሙከራ ሃያ አራት አነሣን፦ ሁለት ሰከንድ።
አንድ ጣት ወደፊት። «እጅዎን ያውጡ።» ጠቅ። ደግሞ አንድ።
ስናየው ሄደ! እንደ ሕፃን እየተንገዳገደ፤
አሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን የኔ እጅ፣
ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ዘይት ያለበት፣ ዘሎ ገብቶ ወዲያው ሄደ።
«እሱን አጥፊው» አልኳት። እምቢ አለች።
«የሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ ናት፤ ማን ያያታል?»
እኔ አያታለሁ።

የቀረው መጨረሻው ነው። ገጹ ነጭ ነው።
ይገናኙ ይሆን? ያለን ጓንት አንድ ብቻ ነው።
ትሪኑ ብድግ ብላ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ነቅላ መጣች፤
ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ የዱቄት ቆርቆሮውን አስደግፋ አቆመች፤
ግራውን ጓንት አስጠጋችው።
መስታወቱ ውስጥ ቀኙ ወጣ።

ያው ጥለት፣ ያው ክር፣ አውራ ጣቱ በወዲያ በኩል።
ከጓንቱ ኋላ ካሜራው፣ ከካሜራው ኋላ እኔ፣
ጥቁር ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ።
«መስታወቱን ትንሽ እናጋድመው?» አለች፣
«ወይስ ይታዩ?»
አልመለስሁላትም።
በደብተሩ ጥግ ጻፈች፦ «ከ፬፻፷ በኋላ፣ ገና።»

ነገ ቅዳሜ ነው። ከቁርስ በኋላ እንጀምራለን።
እራቴን ቆሜ በላሁ፣ ጠረጴዛው ተይዟልና፤
በጣቴ ጫፍ ፕላስተሩን ተሻግሬ መብራቱን አጠፋሁ።
ጓንቱ በተውነው ቦታ፣ አንድ ጣቱን አንሥቶ፣
ቆሞ ነበር።