የጠርሙስ ምርቃት

ፀሐይ በቱርኩ ከተማ፣ በታኅሣሥ፣ እንግዳ ናት፤
ካፖርቷን ሳታወልቅ የምትወጣ፣ ጉዳይ ያለባት።
በአውራ ወንዝ ዳር ያለ ሰው
ብርሃኑን በጠብታ ነው ከፋርማሲ የሚገዛው።

እኛ ግን ምድር ቤት ወርደን፣ ብርሃን እንዳይገባ ዘብ ነን፤
አምፖላችን ቢጫ፣ መጋረጃው ድርብ፣ ጠርሙሱ ቡናማ፣
ቢ-ሁለትን ብርሃን ካየው ምን ሊተርፈው እስከ ማታማ!

አለቃዬ ቱኦቪ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆጠረች፣
የሽሮፕን እርጅና በጠብታ የመረመረች።
«እንክብል» ትላለች «እንደ ድንጋይ ነው፤ ይተኛል፤
ውሃ ግን ወሬኛ ነው፤ ሁሉን ከሁሉ ያገናኛል።»

እውነቷን ነው። በአንድ ጠርሙስ ስምንት ጎረቤት አለ፤
ቢ-አንድ ኮምጣጣ ቤት ይወዳል፤ ፎሊክ እዚያ አልሟሟም አለ።
ሲ ደግሞ ሲፈርስ ብቻውን አይሞትም፤
ቢ-አሥራ ሁለትን ሳይጎትት መቃብር አይገባም።
ከመዳብ ቧንቧ ተልጣ የገባች ብናኝ ብትኖር
ታፋጃቸዋለች፤ እሷ፣ እንደ ነገረ ሠሪ፣ ቆማ ከዳር።
ከመክደናችን በፊት ናይትሮጅን እንነፋለን በአንገቱ፤
ኦክስጅን፣ የእኛ እስትንፋስ፣ ለእሱ ነውና ሞቱ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ያልቃል። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ያልቃል፤
ውሃ የመሰለው ሽሮፕ ገለባ፣ ገለባውም ሻይ ይመስላል።
ስለዚህ መለያው ስድሳ ሚሊግራም ሲል፣ ሰባ አምስት እንሞላለን፤
የሚሰረቀውን አስቀድመን ለሌባው እንቆጥርለታለን።
«ጭማሪ» ይለዋል የፋብሪካው መዝገብ፤ ደረቅ ቃል፤
ገበያ ዳር ላደገ ሰው ግን ሌላ ስም ይመጣል፦
ምርቃት።
ሽንብራ የምትሰፍር ሴት፣ ጣሳው ሞልቶ ሳለ፣ በእፍኝ የምታክለው፤
አባትም በልጁ ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሚለው።
ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው።

ይህን ለቱኦቪ ላስረዳት ስታገል፣ ፈገግ አለችና
«ምርቃትም» አለችኝ «የሚያበቃበት ቀን አለዋ?»

መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ የአሥራ ስምንት ወሩን ጠርሙስ ከፈትን።
ሃምሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።
ወሰኑ ሃምሳ አራት።
ሥራ አስኪያጁ ኦስሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለአንዲት ነጥብ?» አለ፣
«አጠጋጊያት፤ ሃያ አራት ወር ብለን አትመናል፤ ስንት ሺህ ሣጥን አለ!»
ቱኦቪ መነጽሯን አወለቀች። በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው፤ ቆየች።
«በመጨረሻዋ ቀን የሚጠጣውም ልጅ ነው» አለች።
ሃያ አራትን ሰርዛ አሥራ ሁለት ጻፈች፤
ብዕሩ ቀለም ጨርሶ ነበር፣ ሁለቴ ደገመች።

እሷ ስትሄድ የተረፈውን ሽሮፕ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፤
በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ያለ ክዳን፣ አስቀመጥሁ።
ከእንግዲህ የሚጠበቅ የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተከለከለውን፣
እስኪ ይየው ብዬ፣ ብርሃኑን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
እንግዳዋ ሄዳለች።