ሦስት ባለ ጭራ

አዲሱ ስልኬ ላይ ቀዳዳው ተደፍኗል፣
የማዳመጫዬ ገመድ ቤት አጥቶ ተንጠልጥሏል።
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፎቶ ቤቱ ሥር
አንዳርጌ ሱቅ ገባሁ፣ ከነሐሴ ዝናብ ጋር።
ሦስት ባለ ጭራ፣ ጣት የማያካክሉ፣
እንደ አይጥ ግልገሎች መስታወቱ ላይ ዋሉ።

«ያ አራት መቶ ነው፣ መሃሉ ዘጠኝ መቶ፣
ይኸ ሁለት ሺህ ነው፣ አይቀንስም ከቶ።»
«ልዩነታቸውስ?» ትከሻውን ሰበቀ፤
«የካርቶኑን ቁጥር ማን አይቶ አወቀ?
ሠላሳ ሁለት ቢት፣ ይህን ያህል ኸርዝ፣
ሁሉም ይጽፈዋል ለመልክና ለወዝ።
ጆሮህ ይፍረድና ገንዘብህ ይከተል፤
ሰክተህ ስማቸው፣ መስማት አላስከፍል።»

ዘፈን አልከፈትኩም። አንድ ቅጂ አለኝ፣
የአጎቴ ድምፅ ነው፣ የሰዓት ሠሪው ባየልኝ።
ሊሞት ዓመት ሲቀረው፣ ወረንጦ እንደያዘ፣
በወሬው መካከል አንዴ እየተከዘ፣
ስለ አንድ ደንበኛ ነው፣ ሰዓቱን አምጥቶ
«ማታ እመጣለሁ» ብሎ በዚያው የቀረ ወጥቶ።
አሥራ ስምንት ደቂቃ ይተርክ ይተርክና
«ይበቃናል ልጄ» ይላል፣ ታሪኩ ሳያልቅ ገና።
ደክሞት ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ተሰካ።
ከአጎቴ ድምፅ ቀድሞ ሽሽሽ የሚል ጎርፍ፣
እንደ ቀሃ ወንዝ ነሐሴ ላይ ሲያልፍ።
«ትልቅ ማዳመጫ ይህን ጉድ ያልፈዋል፤
የጆሮ ውስጡ ግን ሰላይ ነው፣ ይሰማዋል»
አለ አንዳርጌ፣ የስክሪን ልጣጭ እየላጠ።

ሁለተኛው ንጹሕ ነው፣ ጎርፉን አደረቀ፤
ድምፁን ባንድ ብጨምር ጆሮዬ ተሰነጠቀ፣
ባንድ ብቀንስ ጠፋ። መሃል ቤት የለውም።
አጎቴ በዕድሜው ጮኾ አያውቅም፤
ሐሰተኛ ብር ለሰጠው ደንበኛ እንኳን
«ወንድሜ፣ ተሳስተሃል» ነበር ያለው።
አሁን ግን ጮኸብኝ። ነቀልኩት።

ሦስተኛዋ።
ዝምታ መጀመሪያ፣ ጥቁር፣ እንደ ጉድጓድ፣
ከዚያ ከታች የመጣ የብዙ እግር መንገድ፦
ቀጭ ቀጭ ከግራዬ፣ የግድግዳው ሰዓት፣
ከቀኝ መሳቢያው ውስጥ የእጅ ሰዓት መዓት፣
አንዱ ሌላውን ቀድሞ፣ አንዱ እየዘገየ፤
ባንድ ክፍል ሙሉ ሰዓት ጊዜው ተለያየ።
ወረንጦው ሲቀመጥ፣ ምራቁን ሲውጥ፣
ወንበሩ ሲያቃስት ጎኑን ሲለውጥ።
አሥራ ሰባት ደቂቃ ሲያልፍ
አንድ ሰው ተነፈሰ።
ረጅም፣ የሰለቸው፣ ለመሄድ የቸኮለ፣
አጎቴ አይደለም፤ ለስልኩ ቅርብ ያለ።
እኔ ነኝ።
ወዲያው ነው፣ በዚያች ትንፋሽ ላይ ነው
«ይበቃናል ልጄ» የሚለው።

«የቱ ተሻለ?»
መዳፌ ላይ ትሞቃለች፣ እንደ ትኩስ ዕንቁላል።
«ባትሪ ትበላለች» አለኝ፣ «ግን አትዋሽም መቼም።»
ላትዋሽ ትችላለች፤ ሁለት ሺህ የለኝም።
«አስቀምጥልኝ» አልኩት፣ «ደመወዝ እስኪደርስ።»
አራት መቶ ከፈልኩ፣ ወደ ጎርፉ ልመለስ።

አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ
ደገምኩት ያንን ድምፅ፣ ከውሃው ጋር አብሬ።
አሥራ ሰባት ደቂቃ። አውቃታለሁ ቦታዋን፤
ቀሃ ሸፈነልኝ ያቺን አንድ ትንፋሼን።
ወር ሊሞላ ገና አሥራ አንድ ቀን አለ።
እስከዚያ ልጁ አይሰለችም፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤
ሰዓቱን የተወው ሰውዬም
ማታ ይመጣል።