ሁለት ማንኪያ

መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ከቴሌው ማማ ሥር፤
ብርድ የማይለቃት ክፍል፣ ጠረጴዛ ከወንበር፣
ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር፣ በመብራት ብቻ የሚያድር።
ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ የበግ ሐኪም ረዳት፤
ከጓሳ እስከ ሞላሌ፣ ሠላሳ ዓመት በእግሬ የዞርኩት
ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ፣ ያየሁትን ጻፍኩት፦
ሳሉን፣ እከኩን፣ የጉበት ትሉን፣ የላቱን ቁስል፣
እናቱ ጡት የነሳችውን ግልገል።

ድረ ገጹን የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ምንውየለት ነው።
«አጎቴ፣ በቀን አርባ ሰው!» ይለኝ ነበር። አርባ ሰው
ለአዲስ አበባ ምኗ ነው? ለእኔ ግን ገበያ ነው።
አንዱ ከግሼ፣ «በጌ ያስነጥሳታል» ብሎ ሲጽፍ፣
ሌላው ከእነዋሪ፣ ከጭቃ መሐል፣ ከምታነክስ በግ ደጃፍ፣
መፈለጊያው እጁን ይዞ እኔ ዘንድ ያደርሰዋል፤
እንደ ደህና ጎረቤት፣ «እዚያ ጋ ጠይቅ» ይለዋል።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና፣
ሚዛኑ ተቀየረ አሉ። ማን ቀየረው? ማን ያውቅና!
ደብዳቤ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ቀርቦ የሚጠየቅ ሹም፤
ቀበሌ እንኳ በሩ ይንኳኳል፣ ይሄ ደጅም የለውም።
አርባው ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኙ ሦስት።
«ሦስቱም» አለኝ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
«አንዱ አንተ ነህ። ሁለቴ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይከፋህ ብዬ።»

«የት ነው ያለነው ታዲያ?»
ጣቱን በመስታወቱ ላይ ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ፤
«ሰባተኛ ገጽ» አለኝ፣ ከንፈሩን እየሰበሰበ።
ሰባተኛ ገጽ ድረስ፣ በጉ እየተነፋ፣ ማን ይወርዳል?
ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ ያገኘውን ገመድ ይይዛል።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ከቀያ ገብርኤል፣
የልጇን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች።
«እንደተጻፈው አደረግሁ፣ ሞተብኝ» አለች።
አላለቀሰችም። ስልኩን ብቻ ዘረጋች።

አነበብኩት። ከሁሉ በላይ ነው፣ አንደኛ፤
ፎቶው ላት የሌለው የባዕድ በግ፣ ዘሩም ያይደለ የእኛ።
«ሆዱ ለተነፋ ጠቦት፣ የኑግ ዘይት ሁለት ጭልፋ፤
ቀስ ብሎ ማጠጣት። ጎኑን እያሹ፣ አለመቁረጥ ተስፋ።»

ተስፋ አለመቁረጥን የቱ ሐኪም ያዝዛል?
በየበረቱ ስለው የኖርኩት ነው፤ ቃሌ ከሩቅ ይለያል።
ጭልፋውም የእኔ ነው።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ መብራት ሊሄድ ሲል፣ በጥድፊያ
«ጭልፋ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማለት የፈለግሁት «ማንኪያ»።
በአራተኛው ቀን አረምኩት። አራት ቀን ብቻ ኖረ ስህተቱ፤
በእነዚያ አራት ቀናት ግን አንዱ ገብቷል ከቤቱ፣
ሰው ይሁን ማሽን እንጃ፤ ስሜን ፍቆ ግድፈቴን ያልፋቀ፣
ተሸክሞት ሄዷል፣ ሰቅሎታል፤ ይኸው ከላይ ሆኖ ደመቀ።
እርማቴ ከግርጌ ተኝቷል። ስህተቴ ራስጌ ነው።

ምን ልበላት? «የእኔ አይደለም»? ነው እንጂ።
«የእኔ ነው»? ስሜ የት አለና?
እሷም አልጠየቀችኝ። «ስንት ነበር ልኩ?» ብቻ አለች።
«ሁለት ማንኪያ።»
«ሁለት ማንኪያ» ብላ ደገመች፣ ሁለት ጣቷን እያየች፤
በጭጋጉ ውስጥ ስትሄድም ጣቶቿን አላጠፈች።

ማታ ምንውየለት መጣ። «ርዕሱን እንለውጠው» አለ፤
«‹አስሩ ምርጥ የበግ መድኃኒት› እንበለው፣ መፈለጊያው ይህን ይወዳል እኮ።»
«አስር የለኝም» አልኩት።

ሲሄድ፣ ብቻዬን፣ እንደማያውቅ ሰው፣ እንደ እልፍነሽ ልጅ፣
«የጠቦት ሆድ ተነፋ» ብዬ ጻፍኩ። ወረድኩ ከደጅ ደጅ፣
ከገጽ ገጽ፤ ብርድ በያዘው ጣቴ ሰባተኛው ላይ ደረስኩ።
ከፈትኩት።
«እርማት፦ ጭልፋ ያልኩት ማንኪያ ነው። ይቅርታ።»
ከታች በኩል፣ በደቃቅ ፊደል፦
የዛሬ ጎብኚ፣ አንድ።